የድሮው ነው የሚሮጥለት

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ እኔ ዘንድ ውሎ ነበር። አባቱ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ሶፋው ጥግ ተሸጉጦ፣ የሲጋራ ፓኮ የምታክል መጫወቻ በሁለት እጁ ይዞ አቀርቅሯል። ጌም የሚጫወት መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ጨዋታ የለም። ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይወጣል፤ አንድ ረጅም ዝርዝር ይከፍታል፣ የሆነችውን ነገር ያበራል፣ የሆነችውን ያጠፋል፣ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት!

«ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?» አልኩት።

«አልተበላሸም ጋሼ። ይንቀራፈፋል፣ ድምፁም ይንኮሻኮሻል። ሴቲንጉን እያስተካከልኩ ነው።»

ጌሙ ስታር ፎክስ ነው፤ በ1993 ለሱፐር ኔንቴንዶ የወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ እቆጥራለሁ፤ ታሪኩም የነሱና የጃፓኖች ነውና።) ዝርዝሩን አሳየኝ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ማጫወቻ ፕሮግራሞች ተደርድረዋል፤ ከስማቸው ጎን 2002፣ 2005፣ 2010 የሚል ቁጥር አለ። ቁጥር የሌለውም አለ፤ እሱ አዲሱ ነው። ለአርኬድ ጌሞች የሚሆነውም እንዲሁ 2003 የሚል ተለጥፎበታል። ልጁ ጣቱን 2005 ላይ አሳረፈ። መሣሪያው የተገዛው አምና ነው! «አዲሱ እያለ የሃያ ዓመቱን ምን አስመረጠህ?» ብለው ቀና እንኳ ሳይል፣ «አዲሱ ይከብደዋል ጋሼ፤ የድሮው ነው የሚሮጥለት» አለኝ።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁሉ ነገር በየዓመቱ ፈጠነ፣ ቀለለ በሚባልበት ዓለም አንድ ፕሮግራም በሃያ ዓመት ውስጥ እየከበደ የሄደበት ምክንያት ምንድን ነው? አሮጌውስ እንደ ታቦት ተጠብቆ የቆየው ለምንድን ነው?

ነገሩ የሚጀምረው ከጌም አይደለም፤ ከደመወዝና ከሒሳብ መዝገብ ነው። በ1964 አይ.ቢ.ኤም. ሲስተም 360 የተባሉትን አዳዲስ ኮምፒውተሮች ይፋ ሲያደርግ የደንበኞቹ ጭንቀት ግልጽ ነበር። «በአሮጌው 1401 ያስጻፍነው ፕሮግራም ሁሉ ገደል ሊገባ ነው ወይ?» ኩባንያው መላ ዘየደ፤ አዲሱ ማሽን ሲፈለግ እንደ አሮጌው ሆኖ የሚሠራበትን ዘዴ አብሮ ሰጠ። «ኢሙሌተር» የሚለውን ስም ያወጡለትም የዚያው ኩባንያ ሰዎች ናቸው።

በቀላሉ እናስቀምጠው። በነገሥታቱ ዘመን የባሕር ማዶ መልእክተኛ ግቢ ሲገባ በመካከል ቱርጁማን ይቆማል። እንግዳው አንድ ነገር ይናገራል፣ ቱርጁማኑ ያዞራል፤ ንጉሡ ይመልሳሉ፣ ቱርጁማኑ መልሶ ያዞራል። ኢሙሌተርም ይኸው ነው። እንግዳው በ1983 ጃፓን ውስጥ ለወጣው የኔንቴንዶ ፋሚኮም የተጻፈ ጌም ነው እንበል፤ ባለቤቱ ደግሞ የዛሬው የእጅ መጫወቻ ፕሮሰሰር። ቋንቋቸው ለየቅል ነው።

የፋሚኮም ፕሮሰሰር በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ነበር የሚመታው። የዛሬዎቹ ርካሽ መጫወቻዎች፣ ለምሳሌ የቻይናዋ ሚዩ ሚኒ፣ 1.2 ቢሊዮን ጊዜ ይመታሉ። ሱፐር ኔንቴንዶም ቢሆን ከፋሚኮም ብዙ የራቀ አይደለም። ታዲያ ምን ያንቀራፍፋል? ችግሩ እንግዳው ብቻውን አለመሆኑ ነው። በአሮጌው ማሽን ውስጥ ምስል የሚስለው አንድ አካል፣ ድምፅ የሚያወጣው ሌላ አካል፣ የሚያዝዘው ሌላ አካል ነበር፤ ሁሉም እኩል ይሠራሉ። ቱርጁማኑ ግን ብቻውን ንጉሥም፣ አጋፋሪም፣ ነጋሪት መቺም ሊሆን ነው፤ በየተራ እየሠራ አንድ ላይ የሆነ እንዲመስል አድርጎ። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀየራል፤ ለአንዱ ምስል የሚደርሰው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። በዚያ ካልደረሰ ምስሉ ይንገዳገዳል፣ ድምፁ ይቆረጣል። ስታር ፎክስ ላይ ደግሞ የባሰ አለ፤ ካሴቱ ውስጥ ሱፐር ኤፍኤክስ የሚባል የራሱ ተጨማሪ ፕሮሰሰር ተቀብሮበታል። እንግዳው ሌላ እንግዳ አስከትሎ መጣ ማለት ነው።

እንግዲህ አቅም ያጠረው ሰው ምን ያደርጋል? ያጭበረብራል። ልጁ ሲያበራና ሲያጠፋ የነበረው እያንዳንዱ ሴቲንግ፣ አንድ ሰው በአንድ ዘመን አቅም አጥሮት የዘየዳት ማጭበርበሪያ ናት።

የመጀመሪያዋ ፍሬም ስኪፕ ትባላለች። ጸሎቱ የረዘመበት ዳዊት ደጋሚ አንዳንዱን ቁጥር እየዘለለ እንደሚያደርሰው፣ ኢሙሌተሩም ከሦስት ምስል ሁለቱን ብቻ ይስላል። ጌሙ በሰዓቱ ይደርሳል፤ ዓይን ግን የጎደለውን ያውቀዋል። ሁለተኛዋ ይበልጥ ደፋር ነች። በ1999 መጀመሪያ ላይ አልትራ ኤችኤልኢ የተባለ ፕሮግራም ወጣ። ኔንቴንዶ 64 ገበያ ላይ ከዋለ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ማሽኑ እየተሸጠ ሳለ ጌሞቹ በተራ ኮምፒውተር ላይ ሲሮጡ ሰው አፉን ያዘ። ምሥጢሩ ቃል በቃል አለመተርጎሙ ነው። እንግዳው ረጅም የሰላምታ ንግግር ሲያሰማ ቱርጁማኑ «ሰላም ብለዋል» ብሎ ያልፋል። የተባለውን ሳይሆን የተፈለገውን መስጠት ነው። ንባቡን ትቶ ወደ ትርጓሜው መዝለል ብትሉትም ያስኬዳል፤ ንባቡ ሲጎድል ምን እንደሚከተል ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ያውቃል።

ከዚያ በፊት፣ በ1997፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ተወልደው ነበር። አንደኛው እንደ ኔስቲክልና ዚስኔስ ያሉ ፈጣን ኢሙሌተሮች ናቸው። በዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ይበሩ ነበር፤ የሚበሩት ግን በግምትና በጥገና ነው። አንድ ጌም ሲበላሽ ለዚያ ጌም ብቻ የሚሆን ጨርቅ ይለጠፋል። ሁለተኛው ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ የጀመረው ማሜ ነው። ማሜ የአርኬድ ጌሞችን ማሽን አንድ በአንድ መዝግቦ ለማቆየት የተነሣ ሥራ ነው፤ ሰው እንዲጫወትበት ማድረጉ ለሠሪዎቹ ሁለተኛ ጉዳይ ነው። እውነቱ በተገለጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ይከብዳል። ስለዚህ ደካማ መሣሪያ ያላቸው ሰዎች በ2003 የነበረውን ቅጂ ለይተው ያዙና በዚያው አቆሙት። ልጁ ዝርዝር ውስጥ ያየሁት 2003 ይኸው ነው። እንደ ቆመ ሰዓት።

2005ን ለመረዳት ደግሞ ኒር በሚል ስም የሚታወቁትን ሰው ማወቅ ይጠይቃል። ኒር በ2004 ቢስኔስ የተባለ የሱፐር ኔንቴንዶ ኢሙሌተር ጀመሩ። መነሻቸው ፍጥነት አይደለም፤ አንድም ጨርቅ ሳይለጠፍ፣ ሁሉም ጌም በእውነተኛው ማሽን እንደሚሆነው እንዲሆን ነው። በ2011 ባወጡት ጽሑፍ ልዩነቱን በቁጥር አስቀመጡት። በ1990ዎቹ 25 ሜጋ ሄርዝ ያለው ኮምፒውተር እነዚህን ጌሞች ያጫውት ነበር፤ በትክክል ለማስመሰል ግን እስከ 3 ጊጋ ሄርዝ ሊያስፈልግ ይችላል። መቶ ሃያ እጥፍ! ለምን ብሎ የጠየቃቸው ብዙ ነው፤ ጌሙ እንደሆነ ይሠራል። መልሳቸው እንደ ምሳሌ ያነሷቸው ሁለት ጌሞች ነበሩ። በአንዱ፣ ኤር ስትራይክ ፓትሮል በሚባለው፣ ከአውሮፕላኑ ሥር ጥላ አለች፤ ጥላዋን አይቶ ነው ሰው ምቱ የት እንደሚያርፍ የሚገምተው። ፈጣኖቹ ኢሙሌተሮች ላይ ጥላዋ የለችም። በሌላው፣ በስፒዲ ጎንዛሌዝ፣ መጨረሻው አካባቢ አንዲት መጫኛ ሲነካ ጌሙ ቀጥ ይላል፤ ሰውየው እስከዚያ የለፋው ለምንም ነው።

ኒር ሥራቸው ኮድ መጻፍ ብቻ አልነበረም፤ ካሴቶቹን አንድ በአንድ ሰብስበው ይመዘግቡም ነበር። በ2017 መጀመሪያ ላይ ከአውሮፓ የተላከላቸው 100 ካሴት የያዘ ጥቅል በፖስታ መንገድ ጠፍቶ ብዙ ካስጨነቃቸው በኋላ ተገኝቷል። በ2021 አረፉ። ዛሬ ሱፐር ኔንቴንዶን በትክክል የሚያስመስል ሁሉ ከሳቸው ሥራ ያልተበደረ የለም ለማለት እደፍራለሁ።

የእህቴ ልጅ መሣሪያ ግን 3 ጊጋ ሄርዝ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ 2005። ያ ቅጂ የግምቱ ዘመን ነው፤ ጥላዋን አይስልም፣ ግን ይሮጣል። አዲሱ ከበደው ሲለኝ፣ ማሽኑ እውነቱ ከበደው ማለቱ ነው።

አሁን ወደ እጅ መጫወቻዎቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ የሠሩት እነሱ ናቸው። በ2001 አንድ የኮሪያ ኩባንያ ጂፒ32 የተባለ መጫወቻ አወጣ። ከሌሎቹ የሚለየው ሰው የራሱን ፕሮግራም ጽፎ እንዲጭንበት መፍቀዱ ነው። ወዲያው ኢሙሌተር ሞላበት። በ2005 የተከተለው ጂፒ2ኤክስ በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በሁለት ባለ 200 ሜጋ ሄርዝ ፕሮሰሰር የሚንቀሳቀስ ነበር። ሰዎች ፕሮሰሰሩን ከተፈቀደለት በላይ ማስሮጥ ያዙ። የአንዱ ይሸከማል፣ የሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት ወጥተው! ዕድለኛ ዕቃ የደረሰው እንደ ሎተሪ ያወራል። ባትሪ ድንጋዩ ደግሞ እንደ ጉድ ያልቃል።

የሶኒ ፒኤስፒም በዚያው ሰሞን፣ በ2004 መጨረሻ፣ ወጣ። ፕሮሰሰሩ 333 ሜጋ ሄርዝ ይችላል፤ ኩባንያው ግን በ222 አስሮት ነበር፤ ባትሪ እንዳይበላ ይመስላል። በ2007 ራሱ እስኪፈታው ድረስ ጎረምሶቹ አልጠበቁትም፤ ፈቱት። ሦስተኛዋ ማጭበርበሪያ የደመቀችውም እዚህ ነው። ቱርጁማኑ አንዱን ንግግር በተባለ ቁጥር እንደ አዲስ ከሚተረጉም፣ አንዴ የተረጎመውን ደብተር ላይ ጽፎ ይይዝና ሲደገም ያነበዋል። ዳይናሬክ ይሏታል። ጂፒኤስፒ የተባለው ኢሙሌተር በ2006 የጌም ቦይ አድቫንስን ጌሞች በፒኤስፒ ላይ ያበረራቸው በዚች ደብተር ነው። ዛሬም ደካማ መሣሪያ የያዘ ሰው ይመርጠዋል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ትክክለኛውን ኤምጂቢኤን።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የሶኒ ራሱ ታሪክ ነው። በ1999 ኮኔክቲክስና ብሊም የተባሉ ሁለት ትንንሽ የአሜሪካ ኩባንያዎች የፕሌይስቴሽንን ጌም በኮምፒውተር የሚያጫውት ኢሙሌተር ለገበያ አቀረቡ። ሶኒ ሁለቱንም ከሰሰ። በየካቲት 2000 የአሜሪካ 9ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ፤ የሶኒን የውስጥ ፕሮግራም ለማጥናት ሲሉ መገልበጣቸው ሕጋዊ ነው ተባለ። ሶኒ በፍርድ ያጣውን በገንዘብ አገኘው፤ በ2001 ፕሮግራሙን ገዝቶ ቀበረው። ብሊምም ችሎት ላይ አልተሸነፈም፤ የጠበቃ ወጪ ግን ጨረሰውና በዚያው ዓመት ተዘጋ።

ዓመታት አለፉ። በ2010 ፓንዶራ የምትባል፣ አድናቂዎች ራሳቸው ያሠሯት የእጅ ማሽን መታደል ጀመረች። ለእሷ ተብሎ ከተዘጋጁት አንዱ ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ኢሙሌተር። ያዘጋጀው ኖታዝ በሚል ስም የሚታወቅ ሊቱዌኒያዊ ሲሆን፣ ቀደም ብሎ በጂፒ2ኤክስ ላይ የሴጋን ጌሞች ያስሮጠም እሱ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 2018፣ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን በወጣ ልክ በ24 ዓመቱ፣ ሶኒ ፕሌይስቴሽን ክላሲክ የምትባል ትንሽዬ መታሰቢያ ማሽን ለገበያ አቀረበ። 20 ጌም የተጫነባት፣ ዋጋዋ 100 ዶላር። ሰዎች ከውስጧ ያለውን የሕግ ማስታወቂያ ሲያነቡ ኢሙሌተሩ ማን ሆኖ ተገኘ? ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድ! ኢሙሌተር ሠራችሁ ብሎ ሰው ችሎት ያቆመው ኩባንያ፣ የገዛ ታሪኩን ሊዘክር ሲነሳ ትርፍ ሰዓታቸውን የሠዉ ሰዎች ለአንዲት የእጅ መጫወቻ የጻፉትን ወሰደ። ሕገ ወጥ አይደለም፤ ፈቃዱ ይፈቅዳል። እኔ ግን ቢያንስ የብሊም ሰዎች ምን እንዳሉ መስማት እወድ ነበር።

ይህም አላበቃ። ከ20ዎቹ ጌሞች 9ኙ የአውሮፓ ቅጂዎች ሆነው ተገኙ። ምን ችግር አለው ትሉ ይሆናል። ችግሩ ያለው መብራት ላይ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፤ የአውሮፓ 50፤ የእኛም 50። የድሮ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚቀይረው ከመብራቱ ጋር ተስማምቶ ስለነበር፣ በጃፓን ለ60 የተሠራ ጌም አውሮፓ ሲደርስ ብዙ ጊዜ እንዳለ ወደ 50 ይወርዳል። 60 ሰከንድ የሚፈጅ ሙዚቃ 72 ሰከንድ ይፈጃል። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሰው ቴከንን አያጣውም፤ ያ ፈጣን ቡጢ በክላሲኳ ላይ በአውሮፓው 50 ተጫነ። ስክሪኑ ደግሞ 60 ስለሆነ ሃምሳውን ስድሳ ለማድረግ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። በወጣች በቀናት ውስጥ ሰዎች የኮምፒውተር ኪቦርድ ሰክተው ‘ኤስኬፕ’ን ሲጫኑ የኢሙሌተሩ የተደበቀ ዝርዝር ከች አለ፤ ባለቤቱ ያላስተካከለውን ራሳቸው ማስተካከል ጀመሩ። የእህቴ ልጅ ሶፋ ላይ ያደርግ የነበረውን ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም። ኢሙሌተሩ ሕጋዊ ነው ማለት ጌሙ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ካርድ ላይ ሺሕ ጌም አጭቆ የሚሸጥ ነጋዴ የሰው ንብረት እየሸጠ ነው። በሌላ በኩል ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ገበያ ላይ አይገኙም ነበር። ሊገዛ የወደደ ሰው የሚገዛበት የለም። ባለቤቱ የማይሸጠውን፣ ሌላውም እንዳይነካው የሚከለክለውን ነገር ምን እንበለው?

ወደ ሶፋው ልመለስ። ፍጥነቱ ከተስተካከለ በኋላም ልጁ አልረካም፤ በየጥቂት ሰከንዱ ምስሉ ትንሽ ያደናቅፋል አለ፤ ይህንን ያየው ጌም ቦይ ሲከፍት ነው። እኔ አላየሁም፤ ግን ልክ ነው። ጌም ቦይ በሰከንድ ምስሉን የሚቀይረው 60 ጊዜ አይደለም፤ 59.73 ነው። የመሣሪያው ስክሪን 60 ከሆነ በየ4 ሰከንዱ ገደማ አንድ ምስል ይደገማል። በ2012 ኖርዌያዊው ሃንስ-ክርስቲያን አርንትዘን ለዚህ መፍትሔ ጽፏል፤ ዛሬ ሬትሮአርክ በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ይሠራል። ጌሙ ስክሪኑን ተከትሎ በመጠኑ ይፈጥናል፤ ድምፁም ከሱ ጋር እንዲገጥም እስከ ግማሽ በመቶ ድረስ ይሳባል ወይም ይለጠጣል። ጆሮ አይሰማውም፤ ዓይንም ያርፋል። ደግነቱ ይህ ማጭበርበሪያ ማንንም አይጎዳም።

አባትየው የመጣው በዚህ መሐል ነው። እሱ በሰማንያዎቹ መጨረሻ በልጅነቱ ፍራንክፈርት ሄዶ እዚያው ያደገ ሰው ነው። ልጁ ሊያስደስተው ፈልጎ የሴጋውን ሶኒክ ከፈተለት፤ የ1991ን። ምስሉ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል፤ ድምፁ ጥርት ብሏል። ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ ምስጋና ይጠብቃል። አባትየው ትንሽ አዳመጠና ግንባሩን ቋጠረ።

«ይሄ ነገር እንዲህ አይፈጥንም ነበር» አለ።

«አባቢ፣ ትክክለኛው እኮ ይሄ ነው። ሲሠራ በ60 ነው የተሠራው። እናንተ ጋ የነበረው ቀርፋፋው ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ሙዚቃ ግን እንዲህ አይቸኩልም።»

ልጁ እኔን አየኝ፣ አባቱን አየ። ከዚያ ዝርዝሩን ከፍቶ ‘ሪጅን’ ከሚለው ሥር አሜሪካን ወደ አውሮፓ ቀየረው። ሙዚቃው ረገብ አለ። አባትየው ኮቱን ሳያወልቅ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና መሣሪያዋን ተቀበለው፤ የመጀመሪያውን አረንጓዴ ኮረብታ ቁልቁል ወረደ።